ከመጀመሪያው ጉንጭ በፊት፦ ከመጠጥ የምንጠብቀው ስሜት እንዴት ይለካል?

ጋለፕ የተባለው የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅት በ2025 ያወጣው አኃዝ ብዙ አነጋግሯል። አልኮል እንጠጣለን ያሉት የአገሪቱ አዋቂዎች 54 በመቶ ብቻ ናቸው። ድርጅቱ ይህን መጠየቅ ከጀመረበት ከ1939 ወዲህ ቁጥሩ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም ነበር። በዚያው ጥናት 53 በመቶው "በመጠኑ መጠጣትም ቢሆን ለጤና ጥሩ አይደለም" ብለዋል። በ2024 እንዲህ ያሉት 45 በመቶ ነበሩ። (ከአንድ የኢትዮጵያ አዋጅ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የ2025ቱን ሁለት ቁጥሮች፣ 54ን እና 53ን እንደምራቸው። 107 ይመጣል። ስለዚህ ከመቶ ሰው ቢያንስ ሰባቱ "ለጤና ጥሩ አይደለም" እያለ ይጠጣል ማለት ነው። ይህን ሰው ግራ የገባው አድርጎ ማየት ቀላል ነው። ግን የተጠየቀው ስለ ጤና ነው። ብርጭቆ የሚያነሳው ደግሞ ስለ ስሜቱ ነው። ለመጫወት፣ ለመርሳት፣ ለመድፈር፣ ለመተኛት።

እንዲህ ያለ ዜና በወጣ ቁጥር ሁለት ወገን ይጋጫል። አንዱ "መጠጥ ያዝናናል፣ ማን ይክዳል?" ይላል። ሌላው "ዝም ብሎ በጭንቅላት ያለ ነገር ነው" ይላል። ሥነ ልቦና ይህን ክርክር ሲለካ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። መልሱ ግን ለሁለቱም ወገን አይመችም።

ግምት ሲባል ምን ማለት ነው?

አጥኚዎች "አልኮል ኤክስፔክታንሲ" ይሉታል። በእኛ አነጋገር "ከመጠጥ የሚጠበቅ ውጤት" ማለት ነው። ለማሳጠር እዚህ "ግምት" እለዋለሁ። "ብጠጣ እንዲህ እሆናለሁ" የሚል እምነት ነው። እምነቱ እንዲኖር መጠጣት ግድ አይደለም። ጠብታ ቀምሶ የማያውቅ ሰውም "ሰው ሲጠጣ ጨዋታ ያውቃል" ወይም "ሲጠጣ ይጣላል" ብሎ ያምናል።

ግምት ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ይምታታል። አንደኛው የመጠጣት ምክንያት ነው። ሊን ኩፐር የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1994 ባሳተመችው መጠይቅ ምክንያቶቹን በአራት ከፍላቸዋለች፦ ለማኅበራዊ ጨዋታ፣ ስሜትን ለማድመቅ፣ ጭንቀትን ለመቋቋም እና ከሰው ላለመለየት። ሁለተኛው የጠጪነት መጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስጀመረው ኦዲት የተባለው ባለ 10 ጥያቄ መለኪያ ሰው ምን ያህል እንደሚጠጣና ምን ጉዳት እንዳገኘው ይጠይቃል። ከመጠጡ ምን እንደሚጠብቅ ግን አይጠይቅም። አንድ ሰው "መጠጥ ጭንቀት ያስረሳል" ብሎ እያመነ በሃይማኖቱ ምክንያት ላይነካው ይችላል። ግምት አለው፤ ምክንያት የለውም፤ መጠኑ ዜሮ ነው።

ቮድካ የሌለበት "ቮድካ"

የዚህ ዘርፍ ታዋቂ ሙከራ በ1973 ታተመ። አላን ማርላት እና ባልደረቦቹ ነበሩ የሠሩት። የመጠጥ ጥገኛ የሆኑ ሰዎችንና ለጨዋታ ያህል የሚጠጡ ሰዎችን ጋበዙ። "የመጠጥ ጣዕም ትገመግማላችሁ" አሏቸው። የፈለጉትን ያህል እንዲጠጡ ተፈቀደላቸው። በእርግጥ የሚለካው ጣዕሙ አልነበረም። ስንት እንደጠጡ ነበር።

ብልሃቱ በአቀዳዱ ላይ ነው። አንድ እጅ ቮድካ ከአምስት እጅ ቶኒክ (መራራ ለስላሳ መጠጥ) ጋር ሲቀላቀል በምላስ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ተሳታፊዎቹን በአራት መመደብ ተቻለ። አንዱ ቡድን ቮድካ ነው ተብሎ ቮድካ ጠጣ። ሌላው ቮድካ ነው ተብሎ ባዶ ቶኒክ ጠጣ። ሦስተኛው ቶኒክ ነው ተብሎ ቮድካ ተሰጠው። አራተኛው ቶኒክ ነው ተብሎ ቶኒክ አገኘ። ሙከራው "የተመጣጠነ ፕላሲቦ" ይባላል። ፕላሲቦ ማለት መድኃኒት ወይም መጠጥ መስሎ የሚሰጥ፣ ዋናው ንጥረ ነገር የሌለበት ነገር ነው።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ብዙ የጠጡት "ቮድካ ነው" የተባሉት ናቸው። ብርጭቆው ውስጥ በእውነት ቮድካ መኖር አለመኖሩ ለውጥ አላመጣም። ይህ በጥገኞቹም ላይ ታየ። በዚያ ዘመን "ጥገኛ ሰው ጠብታ አልኮል ደሙ ከገባ ራሱን መቆጣጠር አይችልም" የሚለው አስተሳሰብ ገዢ ነበር። ሙከራው እሱን ነቀነቀው።

"በጭንቅላት ያለ ነገር ነው" ማለትም አያዋጣም

ከዚህ ተነስቶ "እንግዲያው መጠጥ ራሱ ምንም አያደርግም" የሚል ሰው ከማስረጃው ቀድሞ ሮጧል። ጄይ ሃል እና ቻርልስ ቦንድ በ1986 እንዲህ ያሉ 34 ጥናቶችን አሰባስበው መርምረዋል። ግምት በተለይ በሁለት ነገሮች ላይ ጎልቶ ታየ፦ ተጨማሪ በመጠጣት ላይ እና በወሲብ ስሜት ላይ። የእጅና የእግር ቅንጅት መበላሸት፣ የማሰብ መዘግየት፣ የስሜት መሻሻልም ጭምር በአብዛኛው የመጡት ከአልኮሉ ነው። ስሜቱ ባዶ ፈጠራ አይደለም ማለት ነው።

በ2012 የታተመ የማይክል ሰየት ቡድን ሥራ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ። የማይተዋወቁ 720 ወጣቶች በሦስት በሦስት ሆነው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ለአንዳንዶቹ ቮድካ በክራንቤሪ ጭማቂ ተሰጠ። ለሌሎቹ ባዶ ጭማቂ። ለሦስተኞቹ ቮድካ ነው ተብሎ ባዶ ጭማቂ ቀረበላቸው፤ ሽታው እንዲያሳምን የብርጭቆው ጠርዝ ቮድካ ተቀብቶ ነበር። ከዚያ ፊታቸው በቪዲዮ ተጠና። አልኮል የጠጡት ሦስቱም በአንድ ላይ ፈገግ ያሉበት ጊዜ በለጠ። ወሬውም ለሦስቱም ተዳረሰ። ጠርዝ መቀባት ይህን አላመጣም። የቀድሞ ሙከራዎች ሰውን ብቻውን ክፍል ውስጥ አስቀምጠው "አሁን ምን ይሰማሃል?" ይሉ ነበር። ብቻውን የሚጠጣ ሰው ስሜት ከጓደኞች ጋር ከሚጠጣው ጋር እንደማይገናኝ ማንም ያውቃል። ልኬቱ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። "ሐሳብ ነው" የሚለው አነጋገር ሰውን ሊጎዳ ይችላል። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ መንፈሱ ሊረበሽ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሕመም ሊያጋጥመው ይችላል። ሕይወቱም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ይህ ግምት አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው በቤተሰባችሁ ካለ "ወኔ ይኑርህ፣ ተወው" ከማለት በፊት ሐኪም ይየው።

መጠይቁ ምን ይጠይቃል?

ግምትን በብዙ ሰው ላይ ለመለካት ቤተ ሙከራ አይመችም። ስለዚህ መጠይቅ ተሠራ። የመጀመሪያው ትልቅ መጠይቅ በ1980 የወጣው የሳንድራ ብራውን፣ የማርክ ጎልድማን እና የባልደረቦቻቸው ነው። ወረቀቱን ከመጻፋቸው በፊት ሰዎችን "መጠጥ ምን ያደርግልሃል?" ብለው ጠየቁ። ከመልሶቹ ዓረፍተ ነገሮች አወጡ። ሰው "እስማማለሁ" ወይም "አልስማማም" ይላል። መልሶቹ በስድስት ጎራ ተሰበሰቡ፦ አጠቃላይ በጎ ለውጥ፣ አካላዊና ማኅበራዊ ደስታ፣ ከሰው ጋር ድፍረት፣ የወሲብ ስሜት፣ ውጥረትን ማርገብ፣ የኃይልና የጠብ ስሜት።

ጉድለቱ ቶሎ ታየ። ጎራዎቹ በአብዛኛው ጥሩ ጥሩውን ነው የያዙት። ሰው ከመጠጥ ክፉ ነገርም ይጠብቃል። ኪም ፍሮም እና ባልደረቦቿ በ1993 ያወጡት ባለ 38 ጥያቄ መለኪያ ይህን አካተተ። ከዚያ በላይ ግን አንድ ቀላል ነገር አደረገ። እያንዳንዱን ነገር ሁለቴ ጠየቀ። አንዴ "ብትጠጣ ይህ ይሆናል?" ቀጥሎ "ቢሆን ላንተ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?"

የሁለቴውን ጥቅም በአንድ ምሳሌ እንየው። "ስጠጣ ያለ ፍርሃት እናገራለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰው ፊት ይቀመጥ። ሁለቱም "አዎ" ይላሉ። አንደኛው ዓይን አፋር ነው። ሰርግ ላይ ተነስቶ መናገር ሞቱ ነው። ለእሱ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ሁለተኛው ጠጥቶ የተናገረው ነገር ከወንድሙ ጋር ያቆራረጠው ነው። ለእሱ ይህ ቁስል ነው። በድሮው ወረቀት ሁለቱም እኩል ነጥብ ያገኛሉ። በአዲሱ ይለያያሉ።

ስንት ብርሌ? በስንት ሰዓት?

"ስትጠጣ ምን ይሰማሃል?" የሚል ጥያቄ ሲቀርብ አንዱ በሐሳቡ አንድ ጠርሙስ ቢራ ያያል። ሌላው የሌሊቱን ሰባት ሰዓት ያያል። መልሳቸው ቢለያይ አያስገርምም። አማርኛ ይህን ልዩነት አስቀድሞ አውቆታል። "ሞቅ ብሎኛል" እና "ሰክሬያለሁ" አንድ አይደሉም።

በ1993 የወጣ ሌላ መለኪያ ይህን ይዟል። 14 ቃላት ብቻ ናቸው። ግማሾቹ ስለ መነቃቃት፣ ግማሾቹ ስለ መፍዘዝ። ሰውየው እያንዳንዱን ከ0 እስከ 10 ይመዝናል። የሚጠየቀው ግን ሁለት ጊዜ ነው፦ በደሙ ያለው አልኮል እየወጣ ሳለ እና እየወረደ ሳለ። በመውጫው መነቃቃቱ ይበልጣል። በመውረጃው መፍዘዙ። ምክንያቱ በከፊል አንጎል ውስጥ ነው። አልኮል "ጋባ" የተባለውን የሚያረጋጋ ኬሚካል ያበረታል፤ "ግሉታሜት" የተባለውን የሚያነቃቃ ደግሞ ያዳክማል። መጠጡ ሲለቅ ሚዛኑ ወደ ሌላው ያጋድላል። የጠዋቱ ጭንቀት፣ የተቆራረጠው እንቅልፍ፣ ያለ ምክንያት መከፋቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ችግሩ ሰው "መጠጥ ያስደስታል ወይ?" ሲባል የሚመልሰው የመጀመሪያውን ሰዓት አስታውሶ መሆኑ ነው። ጠዋቱ ከመልሱ ውስጥ ይቀራል። ጠዋቱን የማይጠይቅ መጠይቅ የሂሳቡን ግማሽ ብቻ ነው የሚያነበው ባይ ነኝ።

የመጠኑ ነገርም አለ። ጥናቶች "አንድ መጠጥ" ሲሉ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። በእንግሊዝ አንድ "ዩኒት" 8 ግራም ነው። እኛ ጋ መስፈሪያው ብርሌ፣ ጃምቦ፣ መለኪያ፣ ጣሳ ነው። ከቤት ቤት ጉልበቱ የሚለያይ ጠላ ወይም ካቲካላ ወደ ግራም መቀየር ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

"ያዝናናኛል" ሲባል የትኛው?

መጠይቅ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመጣ የተለመደው መንገድ ተርጉሞ፣ በሌላ ሰው መልሶ ማስተርጎም፣ ከዚያ ሁለቱን ማስተያየት ነው። ጥሩ መንገድ ነው። ግን የማያጠምደው ስህተት አለ።

"መዝናናት" የሚለውን ቃል ውሰዱ። "ቅዳሜ ልንዝናና ወጣን" ሲባል ጨዋታ፣ ሙዚቃ፣ ጓደኛ ነው። "ዘና በል" ሲባል ግን ውጥረትህን ፍታ ማለት ነው። በመጠይቆቹ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጎራዎች ናቸው። አንዱ የማኅበራዊ ደስታ ነው። ሌላው የውጥረት ማርገቢያ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ጭንቀትን ለመቋቋም መጠጣት ለጨዋታ ከመጠጣት ይልቅ ከመጠጥ ችግር ጋር በብዛት ተያይዞ ተገኝቷል። "መጠጥ ያዝናናኛል" የሚል አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። አጥኚው ቁጥር ያገኛል። ቁጥሩ ስለ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። "ጨዋታው ይደምቅልኛል" እና "ውስጤ የተወጠረው ይላላልኛል" ተብሎ ለየብቻ ቢጠየቅ ይሻላል።

"ድብርት"ም እንዲሁ ነው። ከሐኪም አፍ ሲወጣ ሕመም ነው። ከጓደኛ አፍ "ደብሮኛል" ሲወጣ መሰልቸት ሊሆን ይችላል። "ሲደብርህ ትጠጣለህ?" የሚል ጥያቄ ሁለት የማይገናኙ ሰዎችን አንድ ሳጥን ውስጥ ይከታል።

ከትርጉም የባሰው ደግሞ በመጀመሪያው ወረቀት ጨርሶ የሌለ ነገር ነው። ጨብሲን አስቡ። ጫት ቅሞ ምርቃና የያዘው ሰው ማታ ላይ ቢራ ወይም አረቄ ይጠጣል። ምርቃናውን ለመስበር፣ እንቅልፍ ለማግኘት። ይህ ጥርት ያለ የስሜት ግምት ነው፦ "መጠጥ ከላይ ያወርደኛል።" በአሜሪካውያን ንግግር ላይ ተመሥርቶ በተሠራ መጠይቅ ውስጥ ይህ ዓረፍተ ነገር አይገኝም። እነ ብራውን መጀመሪያ ሰውን ጠይቀው ነበር የጻፉት። እዚህም ከመተርጎም በፊት ሰውን መጠየቅ ነው የሚያዋጣው። ጠጅ ቤት፣ ግሮሰሪ፣ መቃሚያ ቤት።

ግምቱ ከየት ይመጣል?

ከመጠጡ በፊት ይመጣል። በ1990 የታተመ አሜሪካዊ ጥናት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አይቷል። ከመጠጥ በጎ ነገር የመጠበቅ ዝንባሌ በ3ኛ እና በ4ኛ ክፍል ገደማ በግልጽ ጨመረ። ሕፃናቱ ጠጪዎች አይደሉም። ያዩት ግን አለ። የአባት ሳቅ፣ የበዓል ግርግር፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ።

እዚህ አጥኚዎች ይከራከራሉ። አንዱ ወገን ግምት ያጠጣል ይላል። ሌላው መጠጥ ነው ግምትን የሚወልደው ይላል፤ ብዙ የሚጠጣ ሰው በጎውን የሚናገረው ስለቀመሰው ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚረዳው ሰውን በየዓመቱ መከታተል ነው። በ1989 የወጣ ሥራ የወጣቶች ግምት ከአንድ ዓመት በኋላ ያለውን አጠጣጣቸውን እንደሚጠቁም አሳየ። በ1995 የወጣው ደግሞ ወጣቶችን ለሁለት ዓመት ተከትሎ አዙሪቱን አገኘው። "መጠጥ ከሰው ያግባባኛል" ብሎ የጠበቀ ወጣት በኋላ ይበልጥ ጠጣ። የጠጣው ደግሞ ይበልጥ ጠበቀ። ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዟል።

የባህል ድርሻም አለ። ክሬግ ማክአንድሩ እና ሮበርት ኤጀርተን በ1969 ከብዙ ማኅበረሰቦች የተጻፉ ዘገባዎችን አሰባሰቡ። በአንዳንዱ አገር ሰው እስኪወድቅ ጠጥቶ ጠብ የለም። በሌላው ጥቂት ጠጥቶ ድብደባ አለ። አልኮሉ ያው ነው። ሰካራም እንዴት እንደሚሆን ከአካባቢው ይማራል የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ሁሉን ነገር ባህል ላይ መጣሉ የተጋነነ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም እስማማለሁ። "መጠጡ ነው እንጂ እሱ አይደለም" እየተባለ የሚሸፈን በደል ላለበት አገር ግን ይህ ሥራ ዛሬም ሊነበብ ይገባዋል።

በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከለከለ። ከዚያ በፊት ቢራ በስክሪን የሚታየው ከጭፈራ፣ ከእግር ኳስ፣ ከዘመን መለወጫ ጋር ነበር። ማስታወቂያው ስለ ገብሱ ብዙም አላወራም። ስለ ስሜት ነበር የሚያስተምረው። ክልከላው የልጆችን ግምት ቀይሮ እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው ግን ግምቱ ሲለካ ነው። የተሸጠ ጠርሙስ መቁጠር ይህን አይነግርም።

ግምት ይቀየራል?

ጃክ ዳርክስ እና ማርክ ጎልድማን በ1993 ይህን ሞከሩ። ጠንከር አድርገው የሚጠጡ ወንድ የኮሌጅ ተማሪዎችን ቡና ቤት በሚመስል ክፍል ሰበሰቡ። ገሚሱ እውነተኛ መጠጥ፣ ገሚሱ ፕላሲቦ ጠጡ። ማን የቱን እንዳገኘ አልተነገራቸውም። ጨዋታ ተጫወቱ። ከዚያ "ማን ነው የጠጣው?" ተብለው ተጠየቁ። የጓደኛቸውን ፊት እያዩ ገመቱ። ስለራሳቸውም ገመቱ። ብዙ ተሳሳቱ። አልኮል ሳይቀምስ ሲጮህና ሲስቅ ያመሸ ሰው ነበር። ከዚያ ስለ ስህተታቸው ቁጭ ብለው ተነጋገሩ።

በቀጣዮቹ ሳምንታት መጠጣቸው ቀነሰ። ስለ መጠጥ ጉዳት ትምህርት ከተሰጣቸው ተማሪዎች ይልቅ ቀነሰ። ይህ ለጤና መልእክት አዘጋጆች ትልቅ ነገር ነው። ስለ ጉበት የተነገረው ሰው የተነገረውን ያምናል። ብርጭቆውን የሚያነሳበት ቦታ ላይ ግን መልእክቱ አይደርስም።

ውጤቱ ግን አይቆይም። በ2012 መሰል ሙከራዎችን ያሰባሰበ ትንታኔ ቅነሳው በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት እንደሚታይ፣ ከዚያ በኋላ እንደሚጠፋ አገኘ። ለሴቶች ያለው ውጤትም ወጥ አልነበረም። አንዳንዶች ይህን ይዘው መንገዱ ከሽፏል ይላሉ። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ተማሪው ክፍሉ ውስጥ የተማረው በጥቂት ምሽቶች ነው። ግምቱ ግን የተገነባው ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ከክፍሉ ሲወጣ ደግሞ ዓርብ ማታ የሚደውልለት ጓደኛ ያው ነው። የሚሄዱበትም ቤት ያው፣ የሚታዘዘውም ያው።